ቅባቱ ቦዲቲ እስኪደርስ

በወላይታዋ ቦዲቲ ልጇን ቆዳው አላስተኛ ያለባት እናት መጀመሪያ የምትሄደው ሆስፒታል አይደለም። ሶዶ ቅርብ ቢሆንም ትራንስፖርቱ አለ፣ ወረፋው አለ፣ የዕለቱ ሥራም አለ። መንገድ ዳር ካለው መድኃኒት ቤት ገብታ የልጁን ክንድ ገልጣ ታሳያለች፤ ባለ መድኃኒት ቤቱም ከመደርደሪያው አንዲት ትንሽ ቲዩብ ያወርዳል። በሁለት በሦስት ሌሊት ልጁ መቧጨሩን ይተዋል፤ ቤተሰቡም እንቅልፍ ያገኛል።

ስለዚህች ቲዩብ ሁሉም ሰው ቁራጭ ቁራጩን ያውቃል። እናትየዋ እፎይታውን ታውቃለች። ጎረቤቷ «ቆዳ ይበላል» ሲባል ሰምታለች። የጎረቤቷ ልጅ ፊት እንደሚያቀላ ከጓደኛዋ ተነግሯታል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደግሞ «በስሱ፣ ለአጭር ጊዜ» የሚለውን ከትምህርት ቤት ይዛ ወጥታለች። አራቱም የያዙት እውነት ነው፤ እርስ በርስ የሚጋጭ የሚመስለው ታሪኩ ተቆራርጦ ስለደረሳቸው ነው። ሲገጣጠም አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፦ መድኃኒቱ በሽታውን ለይቶ ከሚያውቀው ሰው ቀድሞ ደረሰ። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ 1948፦ የሚሸቱት ቅባቶች

ቲዩቧ ከያዘችው መድኃኒት፣ ከስቴሮይድ፣ በፊት የቆዳ መድኃኒት የሚሸት፣ ልብስ የሚያበላሽና ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር ነበር። በየቤቱ ቅቤው፣ እሬቱ፣ ፌጦውና መቅመቆው ይሞከራል፤ ለእከክ ድኝ የታወቀ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመሩት የኤስ.አይ.ኤም ሚሲዮናውያን ወደ ደቡብ ዘልቀው ከሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ ጣቢያ መሠረቱ። ዛሬ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውን ሆስፒታል የአካባቢው ሰው አሁንም «ኦቶና» የሚለው ከዚያ ዘመን በቀረ ስም ነው።

በዚያ ጊዜ የፈረንጅ ሐኪምም ቢሆን ለቆዳ የነበረው መሣሪያ ከባህሉ መድኃኒት እጅግ የራቀ አልነበረም። ለእከክ የድኝ ቅባት፣ ለጭርት ከቤንዞይክና ከሳሊሲሊክ አሲድ የተቀመመው የዊትፊልድ ቅባት፣ ለሚያዠው ቁስል ጄንሽን ቫዮሌት፣ ለችፌ የከሰል ሬንጅና ዚንክ ነበሩ። ሁሉም ሥራቸው አዝጋሚ ነው። ይሁን እንጂ አንድ መልካም ጠባይ ነበራቸው፦ ቦታቸውን ከሳቱ አይሠሩም። እከክን በዊትፊልድ ቢያሹት እከኩ ሳይደበቅ እዚያው ይቀጥላል፤ ታማሚውም መድኃኒቱ እንዳልሆነለት አውቆ ሌላ ይፈልጋል። የተሳሳተ ቅባት ስህተቱን ራሱ ያጋልጥ ነበር። በኋላ የመጣው መድኃኒት ይህን ጠባይ አልወረሰም።

ከ1948 እስከ 1952፦ ከመርፌ ወደ ቆዳ

መስከረም 1948 በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ በማዮ ክሊኒክ፣ የመገጣጠሚያ ብግነት ከአልጋ ያዋላት የ29 ዓመት ሴት አዲስ መርፌ ተወጋች። ሐኪሟ ፊሊፕ ሄንች ነበሩ። መርፌው ውስጥ ያለው ደግሞ የሥራ ባልደረባቸው ኤድዋርድ ኬንዳል ከኩላሊት በላይ ካለው እጢ ለይተው «ውሁድ ኢ» ያሉት ስቴሮይድ ነው፤ በኋላ ኮርቲዞን ተባለ። ሴትዮዋ በቀናት ውስጥ ተነሥታ መራመድ ጀመረች። በ1950 ሄንች፣ ኬንዳልና የስዊዘርላንዱ ታዴዎስ ራይሽሽታይን የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። በሽልማቱ ታሪክ ውስጥ እንዲህ በፍጥነት ለሽልማት የበቃ መድኃኒት ብዙ የለም።

የቆዳ ሐኪሞች ወዲያው ጓጉ። ብግነትን እንዲህ የሚያበርድ ነገር ችፌ ላይ ቢቀባስ? ቀቡት፤ ምንም አልሆነም። ኮርቲዞን ሥራ የሚጀምረው ጉበት ውስጥ ገብቶ ወደ ሃይድሮኮርቲዞን ሲለወጥ ነው፤ ቆዳ ይህን ለውጥ በሚበቃ መጠን ማካሄድ አይችልም። የዚህን ምሥጢር መፍቻ በ1952 ያሳዩት የኒው ዮርኮቹ ማሪዮን ሳልዝበርገርና ቪክተር ዊተን ናቸው፤ ኮርቲዞንን ትተው ሃይድሮኮርቲዞንን ራሱን በቅባት መልክ ችፌ ላይ አዋሉት። ሠራ። የከሰል ሬንጅ ዘመን ማብቃት የጀመረው ያን ዓመት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዋጋውም በዚያው ሰሞን ወረደ። የመጀመሪያው ኮርቲዞን ከበሬ ሐሞት ተነሥቶ ከሠላሳ በላይ የኬሚስትሪ ደረጃ አልፎ የሚገኝ ውድ ነገር ነበር። በ1952 የአፕጆን ኩባንያ ተመራማሪዎች ከነዚያ ደረጃዎች ዋናውን አንድ ተራ ሻጋታ እንዲሠራላቸው አደረጉ፤ መነሻውም ከሜክሲኮ የዱር ቦዬ በሚወጣ ንጥረ ነገር ተተካ። ይህ ባይሆን ኖሮ ቅባቱ የሀብታም አገር ሆስፒታል ዕቃ ሆኖ በቀረ፣ ቦዲቲ ያለችበት ዳሞት ጋሌ ወረዳም ባልደረሰ ነበር።

ከ1958 እስከ 1979፦ የጉልበት ውድድር

ሃይድሮኮርቲዞን ገራም ነው። ኩባንያዎቹ ግን ኃይለኛ ፈለጉ። ኬሚስቶች ሞለኪዩሉ ላይ ፍሎሪን ሲጨምሩበት ጉልበቱ በረታ፦ በ1950ዎቹ መጨረሻ ትራያምሲኖሎን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቤታሜታዞን ቫለሬት፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ እስከ ዛሬ ከሁሉ ብርቱ ከሚባሉት ተርታ ያለው ክሎቤታሶል መጣ።

የትኛው ከየትኛው እንደሚበረታ ለመለካት ማኬንዚና ስቶውተን በ1962 አንድ ዘዴ አወጡ። መድኃኒቱን ክንድ ላይ ያደርጉና ቆዳው ምን ያህል እንደሚነጣ ያያሉ፤ ስቴሮይድ የደም ሥርን ስለሚያጠብ ብርቱው ይበልጥ ያነጣል። ዘዴው ብልህ ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል። ግን ልብ በሉ፦ መንጣት በደንብ የሚታየው በነጭ ቆዳ ላይ ነው። መማሪያ መጻሕፍቱም ችፌን «ቀይ» እያሉ ሲያስተምሩ ኖሩ። በእኛ ቆዳ ላይ የተቆጣ ችፌ ቀይ ሆኖ አይታይም፤ ጠቆር፣ ግራጫማ ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል፤ ሲድን ደግሞ ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ምልክት ለወራት ትቶ ይሄዳል። ያን ምልክት «ገና አልዳነም» ብሎ መቀባቱን የሚቀጥል ሰው ስንት ነው! ማሳከኩ ከቆመና ቆዳው በእጅ ሲዳሰስ ከለሰለሰ ብግነቱ በርዷል፤ የቀለሙ መመለስ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ስቴሮይድ አያፈጥነውም።

ከዚህ ዘመን የቀረ ሌላም ወጥመድ አለ፣ ቲዩቡ ላይ የታተመው ቁጥር። ሃይድሮኮርቲዞን 1% ይላል፤ ክሎቤታሶል 0.05% ይላል። ማንም ጤነኛ አንባቢ የመጀመሪያው ከሁለተኛው ሃያ እጥፍ ይበልጣል ብሎ ያስባል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ፐርሰንቱ የሚናገረው መድኃኒቱ በቅባቱ ውስጥ ስንት እጅ እንደሆነ እንጂ ጉልበቱን አይደለም፤ ያ ባለ 0.05 በመቶው ከባለ 1 በመቶው በመቶዎች እጥፍ ይበረታል። ስለዚህ ቲዩብ ሲገዛ መነበብ ያለበት ስሙ ነው። ሃይድሮኮርቲዞን ለስላሳ፣ ቤታሜታዞን ቫለሬትና ሞሜታዞን ብርቱ፣ ክሎቤታሶል እጅግ ብርቱ።

በ1967 ፌልድማንና ማይባክ የተባሉ ተመራማሪዎች ቆዳ በየቦታው ስንት ስቴሮይድ እንደሚጠጣ ለኩ። የክንድን ቆዳ እንደ አንድ ቢቆጥሩት የውስጥ እግር አንድ ሰባተኛውን ብቻ ያሳልፋል፤ ግንባር 6 እጥፍ፣ የአገጭ ጥግ 13 እጥፍ፣ የወንድ ብልት ከረጢት 42 እጥፍ። ለውስጥ እግር የታዘዘ ቅባት «ያው ስቴሮይድ አይደል» ተብሎ ፊት ላይ ሲውል ምን እንደሚሆን ከዚህ ሒሳብ መረዳት ይቻላል። የተቀባውን በፌስታል ወይም በፕላስቲክ መሸፈንም የሚገባውን መጠን ከፍ ያደርገዋል፤ የሕፃን ዳይፐር ሳያስቡት ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

ጉዳቱ መታየት የጀመረውም ያኔ ነው። ቆዳ ይሳሳል፣ የደም ሥር ይወጣበታል፣ ብብትና ጭን ላይ እንደ እርግዝና ሸንተረር ያለ መስመር ይወጣል፤ መስመሩ አይጠፋም። በዓይን ዙሪያ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ የዓይን ግፊትና ሞራ ሊያመጣ ይችላል። በ1979 ፍሮሽና ክሊግማን «የስቴሮይድ ሱሰኝነት» የሚል ጽሑፍ አወጡ፤ ፊታቸውን በብርቱ ቅባት ለወራት የቀቡ ሰዎች ሲያቆሙ ፊታቸው እየነደደ፣ ብጉር እያወጣ፣ እንደገና ወደ ቅባቱ እንደሚመለሱ ገለጹበት።

ለእኛ ከሁሉም የሚበልጠው ግን 1968 ነው። ለንደን ላይ አይቭና ማርክስ የተባሉ ሐኪሞች ስቴሮይድ ተቀብቶ መልኩን የቀየረ ጭርት አይተው ጻፉ። ጭርት ዳር ዳሩ የሚፋፋ ክብ አለው፤ የሚታወቀውም በዚያ ነው። ስቴሮይዱ ብግነቱን ሲያበርድ ክቡ ይጠፋል፤ ማሳከኩ ይቆማል፤ ፈንገሱ ግን የሚከላከለው ስለሌለ በነፃነት ይስፋፋል። ታማሚው ተሻለኝ እያለ በሽታው ይበዛል። ከላይ ያልኩት የድሮዎቹ ቅባቶች ጠባይ፣ ስህተትን ማጋለጥ፣ እዚህ ላይ ተሰበረ።

ከ1965 እስከ 2003፦ ሥጋ ደዌ፣ ቀይ አፈርና ገበያ

ኢትዮጵያ ውስጥ ለቆዳ በሽታ በሰፊው የተሠራው ሥራ ለችፌ ተብሎ አልተጀመረም። በ1930ዎቹ አዲስ አበባ ላይ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተቋቋመ፤ በ1965 በዚያው ግቢ አለርት፣ መላው አፍሪካን የሚያሠለጥነው የሥጋ ደዌ ማዕከል፣ ተመሠረተ። የኢትዮጵያ የቆዳ ሕክምና በአብዛኛው ከዚህ ግቢ ወጣ ማለት ይቻላል። እዚያ ስቴሮይድ በክኒን መልክ የነርቭ ጉዳትን ለማዳን ይሰጣል፤ ብዙ እጅና እግር ከሽባነት አትርፏል። ያው የመድኃኒት ቤተሰብ በቅባት መልክ ያለ ምርመራ የነጣ ምልክት ላይ ሲቀባ ግን ጊዜ ያስባክናል። የሥጋ ደዌ ምልክት ብዙ ጊዜ አያሳክክም፤ በጥጥ ሲነካ አይሰማውም። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፣ ጥጥና ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ የመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ግን የሚደረግ አይደለም።

ወላይታ በቆዳ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ጎልታ የገባችው በሌላ በሽታ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኦመን የተባሉ ሐኪም የእግር እብጠት በአገሪቱ ምን ያህል እንደተስፋፋ ለማወቅ 56 ገበያዎች እየዞሩ ሰው አስቆጠሩ፤ ከገበያተኛው በአማካይ 2.7 በመቶው እግሩ ያበጠ ነበር። ቀጥሎ በአለርት የሠሩት ኧርነስት ፕራይስ በሽታው ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም የሰጡትም እሳቸው ናቸው። በ2003 በታተመ ጥናት በወላይታ ዞን የተጠቂው መጠን 5.46 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የዚህ በሽታ የመጀመሪያ ምልክት እብጠት አይደለም። የእግር ጣቶች አካባቢ ማሳከክና ማቃጠል ነው። ገበሬው ያን ጊዜ የሚያሳክከውን እግሩን ስቴሮይድ ቢቀባ ማሳከኩ ጋብ ይላል፤ አፈሩ ግን በባዶ እግሩ መግባቱን አያቆምም።

በ1998 ዶክተር ናታን ባርሎው ሶዶ ላይ «ሞሲ ፉት» በሚል ስም የጀመሩት ድርጅት ያመጣው ሕክምና ቀላል ነው፦ እግርን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ መታጠብ፣ ተህዋስ በሚገድል ውኃ መዘፍዘፍ፣ ማድረቅ፣ የዊትፊልድ ቅባትና ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ቆዳ ከመድኃኒት በፊት መታጠብና መለስለስ እንደሚያስፈልገው የወላይታ ገጠር የተማረው ከዚህ ነው። ለችፌም የሚሠራው መሠረት ይኸው ነው፤ ችፌ የያዘው ቆዳ ውኃ የሚያመልጠው ደረቅ ቆዳ ስለሆነ ቫዝሊኑ በየቀኑ ካልተቀባ ስቴሮይዱ ያበረደው በሳምንቱ ይመለሳል። ርካሹና ብዙ ሰው የሚንቀው ክፍል እሱ ነው።

ከ1991 እስከ 2019፦ መደርደሪያው ሲሞላ

በ1991 መንግሥት ሲለወጥ የመድኃኒት ንግዱም ተለወጠ። የግል ፋርማሲ፣ የመድኃኒት መደብርና የገጠር መድኃኒት ቤት የሚባሉት ሦስት ደረጃዎች በትናንሽ ከተሞች ሁሉ ተከፈቱ፤ ከሕንድ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከአውሮፓ የሚመጣ ቅባት መደርደሪያ ሞላ። ሕጉም ተከተለ፤ በ2009 የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ ቁጥጥርን ደነገገ፤ በ2019 ደግሞ አዋጅ 1112 ወጣ። በወረቀት ላይ ብርቱ ስቴሮይድ በሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ ነው። በተግባር የሚሆነውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማዘዣ ቢጠየቅም ባይጠየቅም የሚሸጠው ያው ነው፣ ዋጋውም ከካርድ ክፍያና ከትራንስፖርት ያነሰ ነው። ባለ መድኃኒት ቤቱን ብቻ መውቀስ ይቀላል። የቆዳ ሐኪም በቅርብ በሌለበት ከተማ ግን «ሂዱና ተመርመሩ» ማለት ለብዙ ሰው «ታመሙ» እንደማለት ነው።

በዚሁ ዘመን የፊት ማቅሊያው ገበያ መጣ። ስቴሮይድ ቆዳን የሚያነጣው እንደ ጉዳት ነው፤ ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። አንዳንድ ነጋዴ ያን ጉዳት ጥቅም ብሎ ሸጠው። ቅባቱ በኩባያ ተቀላቅሎ፣ ስም ሳይጻፍበት፣ «ለማድያት» ወይም «ለብጉር» እየተባለ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ፊቱ ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፍሮሽና ክሊግማን በ1979 የጻፉት ነው።

ሌላው መጥፎ እንግዳ ድብልቁ ነበር፦ ስቴሮይድ፣ የፈንገስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ በአንድ ቲዩብ። ሐሳቡ «የትኛውም ቢሆን አንዱ ይመታዋል» ነው፤ በሽታውን ለይቶ የማያውቅ ሻጭ ይህን ቢወድ አይገርምም። የዚህ ሐሳብ መዘዝ በሕንድ ታየ። በእንደዚህ ዓይነት ድብልቅ የተቀባ ጭርት እየተስፋፋና መድኃኒት እየተቋቋመ ሄዶ አገራዊ ችግር ሆነ፤ በ2018 የሕንድ መንግሥት 14 የስቴሮይድ ቅባቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጡ አደረገ። እኛ ያንኑ ቲዩብ ከዚያው አገር እናስመጣለን።

መልካም ነገርም መጣ፣ ብዙ ሰው አልሰማውም እንጂ። በ1991 ሎንግና ፊንሌይ የተባሉ የእንግሊዝ ሐኪሞች «በስሱ» የሚለውን ግራ የሚያጋባ ምክር በልክ ተኩት። አምስት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ካለው ቲዩብ ከአዋቂ ሰው ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የተጨመቀ መስመር ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ይህም ሁለት የአዋቂ መዳፍ፣ ጣቶቹን ጨምሮ፣ የሚያህል ቆዳ ይሸፍናል። ለአንድ ሙሉ ክንድ ሦስት፣ ለአንድ እግር ስድስት እንዲህ ያለ መስመር ይበቃል። ባለ 15 ግራሙ ቲዩብ ሠላሳ መስመር አለው። አንዲት እናት የልጇን ክርን መታጠፊያ ብቻ እየቀባች ቲዩቡን በሳምንት ከጨረሰች በዛ፤ አንድ ቲዩብ ዓመት ከቆየባት ደግሞ ምናልባት መድኃኒቱ ጨርሶ አልደረሰውም። ድግግሞሹን በተመለከተ የእንግሊዙ የጤና መመሪያ ተቋም በ2004 በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል ብሎ ወሰነ፤ ሦስቴና አራቴ መቀባት ወጪና ጉዳት እንጂ ፈውስ አይጨምርም።

ከ2015 እስከ 2017፦ የድርቁ እከክ

ኤል ኒኞ ባመጣው የ2015 ድርቅ ውኃ ጠፋ፤ ከውኃው ጋር መታጠቢያውም። በአማራ ክልል በ68 ወረዳዎች 1,125,770 ሰው ሲመረመር 379,000ው እከክ ተገኘበት፤ ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። በደቡብም ወረርሽኙ ነበር፤ ከዳሞት ጋሌ በስተሰሜን ባለው የሀዲያ ዞን፣ በምሥራቅ ባደዋቾ ወረዳ፣ የ2016ቱ ወረርሽኝ ተመርምሮ ታትሟል። በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት እከክን ትኩረት የተነፈጉ የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ስቴሮይድ የተሠራው ለኒው ዮርክ ችፌ ነው፤ እዚህ የጠበቀው ሌሊት ሌሊት የሚያሳክክ የእከክ ተባይ ነው። እከክ በስቴሮይድ ሲቀባ ማሳከኩ ይቀንሳል፣ ሽፍታው ይደበዝዛል፣ ተባዮቹ ይባዛሉ፤ ያ «የተሻለው» ልጅ ከወንድሞቹ ጋር በአንድ ፍራሽ ይተኛል። መለያው ግን ከባድ አይደለም። እከክ በጣቶች መካከል፣ አንጓ ላይ፣ ወገብና ብልት አካባቢ ይወጣል፤ ሌሊት ይብሳል፤ ከሁሉም በላይ ቤት ውስጥ ሌላም የሚያሳክከው ሰው አይጠፋም። ችፌ ደግሞ የክርንና የጉልበት መታጠፊያ፣ የሕፃን ጉንጭ ይወዳል፤ ለዓመታት ሲመጣና ሲሄድ ይኖራል፤ በቤተሰቡ አስም ወይም አለርጂ ያለበት ብዙ ጊዜ ይገኛል። የእከክ መድኃኒት፣ ፐርሜትሪን ይሁን ቤንዚል ቤንዞዬት (ቢቢኤል) ወይም ድኝ፣ ከአንገት በታች ሙሉ ሰውነት ላይ ይቀባል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይቀባል፤ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይደገማል። ተባዮቹ ከሞቱ በኋላም ማሳከኩ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ለስቴሮይድ ቦታ ካለው ያኔ ነው፣ ያውም ሐኪም አይቶ።

ከ2000 ወዲህ፦ ፍርሃቱ

በጉዳቱ ላይ የተነገረው ሁሉ ሌላ ጉዳት ወለደ። በ2000 እንግሊዝ ኖቲንግሃም ላይ 200 ታማሚዎችና ወላጆች ሲጠየቁ 72.5 በመቶው ስቴሮይድ ቅባት መቀባት እንደሚያሰጋቸው ተናገሩ፤ ሩቡ ያህል በዚሁ ምክንያት ታዘውም አይቀቡም ነበር። በ2021 የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ብርቱ ስቴሮይድን ለረጅም ጊዜ ቀብቶ ማቆም ስለሚያስከትለው መቃጠል በይፋ ሲያስጠነቅቅ ፍርሃቱ በማኅበራዊ ሚዲያ ዞሮ እዚህም ደረሰ። ዛሬ በአንድ መንደር ውስጥ ክሎቤታሶልን ፊቷን ለማቅላት ጧትና ማታ የምትቀባ ወጣትና ለልጇ ችፌ የታዘዘላትን ሃይድሮኮርቲዞን «ቆዳ ይበላል» ብላ ቀብራ ያስቀመጠች እናት ጎረቤታሞች ናቸው። የመጀመሪያዋ መፍራት ነበረባት፤ ሁለተኛዋ መፍራት አልነበረባትም። ችፌው ሳይታከም ሲቀር ልጁ ሌሊቱን ሲቧጭር ያድራል፣ ቁስሉ ባክቴሪያ ይገባበታል፣ ትምህርቱ ይጎዳል፤ ለስላሳው ቅባት በልክ ከተቀባ ግን ቆዳ ያሳሳል ተብሎ የሚያስፈራ አይደለም። ሃይድሮኮርቲዞንም ቤታሜታዞንም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የተቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግሊዝ በ1987 ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ስትፈቅድ ያስቀመጠችው አጥር ለቦዲቲ መድኃኒት ቤት ባንኮኒም ይመጥናል፦ ለፊት አይሸጥም፣ ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያለ ሐኪም አይሸጥም፣ ከአንድ ሳምንት አያልፍም። በዚህ ላይ የእኛን አገር ጥያቄዎች መጨመር ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው አለ? ዳሩ የተፋፋ ክብ ነው? ሲነካ ይሰማዋል? ከዚህ በፊት ምን ተቀብቶበታል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው ቆዳ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ስቴሮይድ ያየ፣ መልኩ የተለወጠ ነው። ታማሚው ደግሞ የቀባውን አያስታውስም ወይም ያፍራል። ሁለት ሳምንት ቀብቶ ያልተሻለው ወይም በቆመ ቁጥር የሚመለስበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ኦቶና ሲሄድ ያለቀውንም ቲዩብ፣ ስም የሌለውንም ኩባያ ይዞ ይሂድ። ብርቱውን ቅባት ለወራት የተቀባ ከሆነ ደግሞ ከመሄዱ በፊት በራሱ ፈቃድ በአንዴ አይቁረጠው፤ እንዴት እንደሚቀንስ የሚነግረው ሐኪሙ ነው።